የኋላ ክንፉን ተመልከቱ፦ የሚመሳሰሉ ብርቱካናማ ቢራቢሮዎችን በክንፍ ምልክት መለየት

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችንና በአካባቢው የምናገኛቸውን ቢራቢሮዎች በስልክ እያነሳን አልበም እየሠራን ነው። ያስቸገረን አንድ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ነው። በአንዳንዱ ፎቶ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት አለው፤ በአንዳንዱ ጫፉም ብርቱካናማ ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ የኋላ ክንፉ መሃል ነጭ ነው። የስልኩ መተግበሪያ ለአንዱ ፎቶ ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ ስም ይሰጠናል። ይባስ ብሎ በአንድ ፎቶ ላይ ብርቱካናማዋ ከጥቁር ቢራቢሮ ጋር ተጣብቃ ስለምትታይ ተማሪዎቹ «ሁለት ዝርያ ተዳቀለ» እያሉ ይከራከራሉ። ያለን ስንት ዝርያ ነው? በክንፍ ምልክት ብቻስ መለየት ይቻላል?

ምላሽ፦

ውድ መምህር፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ተማሪዎችዎ የገቡበት ክርክር የነፍሳት አጥኚዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር የኖረ ነው፤ በእናንተ ግቢ መነሳቱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ከተጣበቁት ጥንድ ልጀምር፤ ለቀረው ሁሉ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነው። እዚያ ፎቶ ላይ የተዳቀለ ነገር የለም። ሁለቱም ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የሚባል አንድ ዝርያ ናቸው። ወንዱ ጥቁር ነው። በእያንዳንዱ የፊት ክንፉ ላይ ሁለት፣ በእያንዳንዱ የኋላ ክንፉ ላይ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ነጭ ምልክት አለው፤ የነጩም ዙሪያ ፀሐይ በጎን ሲመታው ወይን ጠጅ ያንጸባርቃል። ሴቷ ግን ፈጽሞ አትመስለውም። ብርቱካናማ ናት፤ የለበሰችውም የሌላ ቢራቢሮ መልክ ነው። የዚያ የሌላው ስም ዳናውስ ክሪሲፐስ ነው። በአልበማችሁ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ፎቶዎች የእሱ ናቸው፤ መተግበሪያውም ስም የሚያምታታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሴቷ ለምን የባሏን መልክ ትታ የባዕድ መልክ ያዘች? ነገሩ የሚጀምረው ከምግብ ነው። የዳናውስ ትል የሚያድገው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት በሚወጣቸው ተክሎች ላይ ነው። በቆላው ጦቢያ አለ፤ ፍሬያቸው እንደ ፊኛ የተነፋና ለስላሳ እሾህ ያለበት የመንገድ ዳር ቁጥቋጦዎችም አሉ። ብዙዎቹ የልብን ምት የሚያውክ መርዝ በውስጣቸው ይይዛሉ። ትሉ መርዙን በሰውነቱ ያጠራቅማል፤ መርዙም ወደ ቢራቢሮው ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ቢራቢሮ የቀመሰ ወፍ አፉ ይመርረዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን መልክ ሲያይ ይሸሻል። የሂፖሊምናስ ትል በአንጻሩ የሚመገበው ይህ መርዝ በሌለባቸው ሌሎች ተክሎች ነው፤ ለምሳሌ መሬት ለመሬት የሚሳበው፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ የሞላበት አረም ይስማማዋል። ስለዚህ ቢራቢሮው ለወፍ የሚጣፍጥ ነው። ወፍ የሚፈራውን መልክ ይዛ የተወለደች ሴት ግን ከወፍ አምልጣ እንቁላሏን ትጥላለች። እንዲህ ዓይነቱን ማስመሰል ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መልክ ያብራራው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 በአማዞን ቢራቢሮዎች ላይ ባወጣው ጽሑፍ። እስከ ዛሬም ክስተቱ በእሱ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ክንፉ እንምጣ። ሰው ቢራቢሮ ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ጎላ ያለው ምልክት ላይ። በእነዚህ ቢራቢሮዎች ጎላ ያለው የፊት ክንፉ ጥቁር ጫፍና በሱ ላይ አግድም የሚያልፈው ነጭ መቀነት ነው። ወፉም ከሩቅ የሚያየው ይህንኑ ነው። አስመሳይዋ በየትውልዱ የተረፈችው ወፉ የሚያየውን በመምሰሏ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ያለው መመሳሰል ተጣርቶ ተጣርቶ ለማመን የሚያዳግት ደረጃ ላይ ደርሷል። ወፉ ልብ የማይላቸው ጥቃቅን ምልክቶች ግን እንደ ወትሮው የየዝርያው ሆነው ቀርተዋል። በዚያ ላይ ቀለሙና መቀነቱ፣ ወደ ኋላ እንደማሳይዎ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለዋወጣሉ። ለተማሪዎችዎ የምመክረው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቀለሙንና መቀነቱን ለጊዜው ይተዉት፤ ዓይናቸውን ወደ ኋላ ክንፉ መሃል ያውርዱ።

የዳናውስን የኋላ ክንፍ በቅርብ እንየው። ከክንፉ ሥር ተነስተው ወደ ጠርዙ የሚዘረጉ ጅማቶች አሉ፤ በመሃላቸው ዙሪያውን በጅማት የታጠረ ሰፊ ክፍል አለ፣ ሴል ይባላል። ይህ ክፍል በሚዘጋበት ጫፍ ዙሪያ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ተቀራርበው ተቀምጠዋል። እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ሊገዝፍ ይችላል። በላይኛውም በታችኛውም ገጽ ይገኛሉ። ሦስቱን ካዩ ቢራቢሮው ዳናውስ ነው፤ ጫፉ ጥቁር ሆነ አልሆነ፣ የኋላ ክንፉ ነጣ አልነጣ፣ ፍርዱ አይለወጥም።

አራተኛ ነጥብ ካለ ደግሞ ወንድ ነው ማለት ነው። አራተኛው ከሦስቱ ወረድ ብሎ በአንድ ጅማት ላይ የተቀመጠ፣ ወፈር ያለ ጥቁር ምልክት ነው፤ በታችኛው ገጽ ሲታይ መሃሉ ነጭ ነው። ይህ ከቀለም ያለፈ ሥራ አለው። ትንሽ ኪስ ነው። ወንዱ በሆዱ ጫፍ ውስጥ ሸሽጎ የሚይዛቸው ብሩሽ የመሰሉ ጸጉሮች አሉት፤ እነሱን እያወጣ ወደዚህ ኪስ ያስገባል፣ በዚያም ሴቷን የሚያባብልበት ሽታ ይዘጋጃል። ለሽታው የሚሆነውን ጥሬ ነገር የሚያገኘው ከአንዳንድ የደረቁ ወይም የተጎዱ ተክሎች እየመጠጠ ነው። ተማሪዎችዎ ብዙ ዳናውሶች አበባ በሌለው የደረቀ ግንድ ላይ ተሰብስበው ካዩ፣ እየሠሩ ያሉት ይህንን ሊሆን ስለሚችል ፎቶ ያንሱልኝ፤ ከልብ ማየት እፈልጋለሁ።

ሴቷ ሂፖሊምናስ ሦስቱ ነጥቦች የሏትም። ያላት አንድ ነው፤ እሱም መሃል ላይ ሳይሆን በኋላ ክንፉ የፊተኛ ጠርዝ አጠገብ፣ ከጠርዙ ርዝመት አጋማሽ ላይ፣ ወደ ጎን ለጠጥ ብሎ የተቀመጠ ጥቁር ምልክት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክንፏን ዘርግታ ስታርፍ የፊት ክንፉ በኋለኛው ላይ ስለሚደራረብ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይሸፈናል። ስለዚህ ከላይ በተነሳ ፎቶ የኋላ ክንፏ ጨርሶ ነጥብ የሌለበት ንጹሕ ብርቱካናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ክንፏን ስትገጥም ግን ነጥቡ በታችኛው ገጽ ላይ በግልጽ ይወጣል። ከላካችኋቸው ውስጥ አበባ ላይ ክንፏን ዘርግታ የተነሳችው፣ አንድም ነጥብ የማይታይባት፣ እናንተ «ልዩ ዝርያ» ብላችሁ ጥያቄ ምልክት ያደረጋችሁባት፣ ሴት ሂፖሊምናስ ናት።

ሁለተኛው አስተማማኝ ምልክት ጠርዙ ነው። በሁለቱም የኋላ ክንፉ እንደ ነጠላ ጥለት በጥቁር ተከፍፏል፤ ልዩነቱ በጥቁሩ ውስጥ ያለው ነው። የዳናውስ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ከጥቁሩ ውስጥ ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነሱም ከላይ ደብዘዝ፣ ከታች ጎላ ይላሉ። የሂፖሊምናስ ጠርዝ ግን ሞገድ አለው፣ ገባ ወጣ ይላል፤ በጥቁሩ ውስጥ የሚያልፉትም ቀጫጭን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ነጭ መስመሮች ናቸው። ክብ ነጠብጣብ ከሆነ ዳናውስ፣ ጥንድ የጨረቃ መስመር ከሆነ ሂፖሊምናስ። የዚህ ምልክት ድክመቱ ክንፍ ሲያረጅ ቀድሞ የሚቀደደው ጠርዙ መሆኑ ነው። ቢራቢሮ ከእንሽላሊት ወይም ከወፍ ሲያመልጥ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን የኋላ ጠርዝ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩ የተበላ ክንፍ ካጋጠመ በቀጥታ ወደ መሃሉ ነጥቦች ይመለሱ።

ጭንቅላትና ደረቱም ይረዳል። የዳናውስ ጭንቅላትና ደረት ጥቁር ሆኖ በብዙ ነጭ ነጠብጣቦች የተረጨ ነው። ሂፖሊምናስም ፊቷ አካባቢ ጥቂት ነጭ ነጥብ ስለሚኖራት ይህን ብቻ ይዤ አልፈርድም፤ ለነጥቦቹ ቆጠራ ምስክር አደርገዋለሁ እንጂ።

አበራረርም ይለያቸዋል፤ ለዚህ ግን ፎቶ ሳይሆን ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል። ዳናውስ አይቸኩልም። ክንፉን ጥቂት ያርገበግብና ዘርግቶ ይንሳፈፋል፤ እንዲታይ የሚፈልግ ይመስላል፤ መርዛማ ለሆነ ነፍሳት መታየት ይጠቅማልና። ሰውነቱም ጠንካራ ነው። ሲይዙት የሞተ መስሎ ይተኛል፤ ወፍ ነክሶ ቢተፋውም ብዙ ጊዜ ተነስቶ ይሄዳል። ሴቷ ሂፖሊምናስ ይህን ዝግታ ታስመስላለች። ከደነገጠች ግን ማስመሰሉን ትተዋለች፤ ፈጥና፣ አቅጣጫ እየቀያየረች ትሸሻለች። ጥቁሩ ባሏ ከነጭራሹ ሌላ ጠባይ አለው፦ መሬት ወይም አጭር ተክል ላይ ክንፉን ዘርግቶ ይቀመጥና በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ እያሳደደ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። የግቢያችሁ አንድ ጥግ ላይ በየቀኑ የሚታይ ጥቁር ቢራቢሮ ካለ እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን በጣም ወዳደናገራችሁ ነገር ልግባ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ስላሉት የተለያዩ መልኮች።

ዳናውስ ክሪሲፐስ ከአፍሪካ እስከ እስያ የተሠራጨ ዝርያ ነው፤ በእስራኤልም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ስላለ እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎችም ታገኙታላችሁ። በአብዛኛው የሥርጭት ክልሉ በአንድ አካባቢ አንድ መልክ ይበዛል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን መልኮቹ ይገናኛሉ፣ ይቀላቀላሉም። ጥቁር ጫፍና ነጭ መቀነት ያለው መልክ ክሪሲፐስ ይባላል፤ የዝርያውን ስም የያዘው እሱ ነው። ጥቁሩ ጫፍም መቀነቱም የሌለው፣ የፊት ክንፉ እስከ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነው ዶሪፐስ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ የሚበዛው ይህ ነው። የፊት ክንፉ እንደ ክሪሲፐስ ሆኖ የኋላ ክንፉ መሃል ነጭ የሆነው አልሲፐስ ነው፤ የእሱ ዋና አገር ምዕራብ አፍሪካ ነው። የዶሪፐስን የፊት ክንፍና የአልሲፐስን ነጭ የኋላ ክንፍ ደርቦ የያዘም አለ፤ አልቢነስ ይሉታል። እነዚህ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፤ እርስ በርስ ይጋባሉ። ሦስቱ ነጥቦችም በሁሉም ላይ አሉ።

የሚገርመው አስመሳይዋም ተከትላ መልኳን ማብዛቷ ነው። ጥቁር ጫፍ ያላት ሴት ሂፖሊምናስ አለች፤ ጫፏ ብርቱካናማ የሆነ፣ ዶሪፐስን የምትመስል አለች፣ ኢናሪያ ትባላለች፤ የኋላ ክንፏ የነጣም አለች። ታዲያ መልኮቹ በየአካባቢው ተመጣጥነው ይገኛሉ ብለው እንዳያስቡ። በምዕራብ አፍሪካ ነጭ የኋላ ክንፍ ያለው ዳናውስ በሚገዛበት አገር አስመሳይዋ በብርቱካናማ መልኳም በሰፊው ትኖራለች። ስለዚህ «እዚህ የሚበዛው ዳናውስ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሱ ስለሚለይ አስመሳይዋ ናት» የሚለው አካሄድ አይሠራም። መልክ ዝርያ አይነግርም። ነጥብና ጠርዝ ይነግራሉ።

ስለ ዶሪፐስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፎቶዎቻችሁ አንዱ በደንብ ያሳየዋል። ክንፉን ገጥሞ ከጎን የተነሳው ብርቱካናማ ጫፍ ያለው ቢራቢሮ፣ በፊት ክንፉ ታችኛ ገጽ ላይ ድብዝዝ ያሉ ነጭ ነጠብጣቦች ተሰልፈውበታል። እነሱ የቆሻሻ ወይም የፎቶ ስህተት አይደሉም፤ መቀነቱ ሊኖርበት ይችል የነበረበት ቦታ ላይ የቀሩ ናቸው። ዶሪፐስን ከክሪሲፐስ የሚለየው ባሕርይ በአንድ የዘረመል ቦታ የሚወሰን ነው፤ ዶሪፐስ ገዥ፣ ክሪሲፐስ ተሸናፊ ነው። ከሁለቱም ወላጅ የተለያየ ቅጂ የወረሰ ቢራቢሮ በአጠቃላይ ዶሪፐስን ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን እንዲህ ያለ የመቀነት ርዝራዥ ይታይበታል። መንደል በአተር ላይ ያሳየውን ሕግ ለምታስተምሩበት ክፍል ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከግቢያችሁ ውጪ አትፈልጉ።

ሦስተኛ ዝርያም አላችሁ። አንዱ ተማሪ ጣቱን አስጠግቶ ያነሳው፣ ከሌሎቹ አነስ ያለው፣ አክሪያ ከሚባለው ወገን ነው። መጠኑን ለማሳየት ጣት ማስጠጋቱ በጣም ጠቅሞኛል። ዳናውስ ክንፉን ዘርግቶ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ግን ከዚያ በግልጽ ያንሳል። ክንፉ ጠበብና ረዘም ያለ ነው፣ የሚሸፍነው ዱቄት መሰል ቅርፊትም ሳሳ ያለ ስለሆነ ያረጀው ክንፍ ብርሃን ያሳልፋል ለማለት ይቻላል። ዋናው ምልክት ግን ነጥቦቹ ናቸው፦ ሦስት ወይም አንድ ሳይሆን ብዙ፣ በኋላ ክንፉ ሥር ተበታትነው፣ በፊት ክንፉም ላይ ያሉ። ብርቱካናማ ሆኖ ጫፉ ጥቁር፣ መቀነቱ ነጭ መሆኑ አክሪያ ኤንሴዶን ከሚባለው ጋር ይስማማል። ይህኛው አስመሳይ ብቻ አይደለም። ራሱም ሳያናይድ የሚያመነጭ ውህድ በሰውነቱ አለው፤ ሲጨብጡት ከደረቱ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ሁለት መርዛማ ዝርያዎች አንድ ዓይነት መልክ ሲይዙ ወፉ አንዴ ተምሮ ሁለቱንም ስለሚተው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

በክንፍ ምልክት ብቻ መለየት ይቻላል ወይ ላሉት፣ ዳናውስንና ሂፖሊምናስን በሚመለከት መልሴ ያለ ማመንታት አዎ ነው። አክሪያ ላይ ግን ድንበሩ ይታያል። ኤንሴዶንን የሚመስል አክሪያ ኤንሴዳና የሚባል ዝርያ አለ፤ ከኤንሴዶን ተለይቶ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እስከዚያ ድረስ ባለሙያዎችም እንደ አንድ ያዩአቸው ነበር። ሁለቱም ብዙ መልክ ስላላቸው በክንፍ ብቻ መለየቱ አያስተማምንም፤ በማይክሮስኮፕ የወንዱን የመራቢያ አካል ማየት ይጠይቃል። በእናንተ ደረጃ የሚረዳው ትሉ የተገኘበት ተክል ነው። የኤንሴዶን ትል የውሃ አንቁርና የዘመዶቹን ቅጠል ይበላል፤ የኤንሴዳና ትል ግን በጥራጥሬ ወገን ባለ ዴስሞዲየም ላይ ነው የሚያድገው። ትሉን ካላገኛችሁ በአልበሙ ላይ «አክሪያ፣ ኤንሴዶን ወይም ኤንሴዳና» ብላችሁ ብትጽፉ ትክክለኛ ሳይንሳዊ መልስ ነው። ትናንሾቹ ሰማያዊ ቢራቢሮዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ገና አትታገሉ።

ተማሪዎችዎ መቁጠር ሲጀምሩ ሊገጥማቸው የሚችል አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ከዳናውሶቻቸው ውስጥ አራተኛ ነጥብ ያለው በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ በተለይ በናይሮቢ አካባቢ በሰፊው የተጠና ጉዳይ ነው፦ ስፓይሮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ በሴቷ ሰውነት ውስጥ ይኖርና በእንቁላሏ በኩል ወደ ልጆቿ ይተላለፋል፤ ወንድ የሚሆኑትን ገና በፅንስ ሳሉ ይገድላቸዋል። የተያዘች እናት ልጆች ሁሉ ሴት ይሆናሉ። እናንተ ጋ ያለው ሁኔታ ምን እንደሚመስል የሚነግረን ቆጠራችሁ ነው። ስለዚህ በየፎቶው ላይ ሦስት ነጥብ ወይስ አራት የሚለውን መዝግቡ። ለአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የተሻለ የምርምር ጥያቄ አይታየኝም።

ክንፍ በተቃራኒው አቅጣጫም እንደሚያሳስት ማወቁ ጥሩ ነው። ከአርባ ምንጭ ወጥታችሁ ወደ ደን ብትሄዱ ፓፒሊዮ ዳርዳነስን ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ቢጫና ጥቁር፣ የኋላ ክንፉ ላይ ጭራ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ነው። በሌላው አፍሪካ ሴቶቹ ጭራ የሌላቸውና መርዛማ ቢራቢሮዎችን የሚመስሉ በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ እንደ ሌላ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1869 የደቡብ አፍሪካው ሮላንድ ትሪመን የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት መሆናቸውን እስካሳየ ድረስ። የኢትዮጵያ ደጋ ሴቶች ግን አብዛኞቹ ወንዱን ይመስላሉ፤ አስመሳይ የሆኑት ጥቂቶቹም እንኳ ጭራቸውን አልጣሉም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህንኑ መላ ሞናርክና ቫይስሮይ በሚባሉት ሁለት ተመሳሳይ ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሞናርክ የዳናውስ ክሪሲፐስ የቅርብ ዘመድ ነው። ቀለሙን ትታችሁ የኋላ ክንፉን እዩ፦ ጅማቶቹን እያቋረጠ በአግድም የሚያልፍ ጥቁር ቅስት መስመር ካለ ቫይስሮይ፣ ከሌለ ሞናርክ።

መተግበሪያውን በሚመለከት፣ ሁለት ስም መስጠቱ አያስደንቅም። የሚያነጻጽረው አጠቃላይ መልክን ነው፤ እነዚህ ዝርያዎች ደግሞ የሚመሳሰሉት በአጠቃላይ መልካቸው ነው። ፎቶውን ቆርጣችሁ የኋላ ክንፉን ብቻ አጉልታችሁ ብትሰጡት ይሻላል፤ ዞሮ ዞሮ ፍርዱ ግን የእናንተ ይሁን።

ለፎቶው ሁለት ገጽ ያስፈልጋል፤ ክንፉ ተዘርግቶ ከላይ፣ ተገጥሞ ከጎን። አንዱን ብቻ ማንሳት ከተቻለ የጎኑን ምረጡ፤ የታችኛው ገጽ ነጥብም ጠርዝም አብሮ ያሳያል። ክንፉን ዘርግቶ የሚታየው በጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ነው፣ ጎኑን የሚሰጠው ደግሞ አበባ ሲቀስም። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ፀሐይ ከጎን በኩል ሆና ዝቅ ብላችሁ ቅረቡ። በቀትር ፀሐይ የሚነሳ ፎቶ ቀለሙን ስለሚያነጣው ብርቱካናማው የኋላ ክንፍ ነጭ መስሎ አልሲፐስ ነው ሊያሰኝ ይችላል። ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና ያረፈበትን ተክል ጻፉ። መግደልም በመርፌ መውጋትም አያስፈልግም። ክንፉንም አትንኩት፤ የምትቆጥሩት ምልክት የተሠራው ጣት ላይ እንደ ዱቄት ከሚቀረው ቅርፊት ነው። ብዥ ያሉትን ሁለቱን ፎቶዎች አትጣሏቸው፤ «ብርቱካናማ፣ የኋላ ክንፉ አልታየም» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጧቸው።

ተማሪዎቹ ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለጉ ጦቢያ ቅጠል ላይ ትሉን ይፈልጉ። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ሸንተረር አለው፤ ጀርባው ላይም ሦስት ጥንድ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ስላለው ከሌላ ትል አይምታታም። የሂፖሊምናስ ትል ጥቁር ሆኖ ቅርንጫፍ ባለው እሾህ የተሸፈነ ነው። አንዲት ሴት የጣለቻቸውን እንቁላሎች በመረብ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ አሳድጉ፤ በእናንተ ሙቀት አንድ ወር ገደማ ይበቃቸዋል። ከአንዲት እናት ዶሪፐስም ክሪሲፐስም ቢወጣ የመልኩ ክርክር እዚያው ያልቃል፤ ስንቱ አራት ነጥብ እንዳለውም ታያላችሁ። ቅጠል የሚያመጡት ልጆች ግን ይጠንቀቁ። የጦቢያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱም ዓይናቸውን ሳይነኩ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።